የአያቴን የብር ድሪ እቤት በምን ላጽዳው?

የማራኪዋ፦
ሰላም ጎንደሮች እንዴት ናችሁ። አያቴ የተወችልኝ የብር ድሪና አልቦ አለ፣ ለጥምቀት ላደርገው ሳወጣው ጥቁርቁር ብሏል፣ በየእንክብሉ መሀል ደሞ የጸጉር ቅቤ ነው መሰለኝ ተጋግሮ ደርቋል፣ መሀሉ ላይ የተንጠለጠለችው መስቀል ወርቅ ቅብ ናት። አክስቴ በረኪና ውስጥ ዘፍዝፊው አለችኝ፣ ጎረቤት ደሞ በኮልጌት ፈትጊው። የሷ ማስታወሻ ስለሆነ ፈራሁ፣ የምታውቁ እባካችሁ

አራዳ ሰፈር፦
ኧረ እህቴ በረኪናውን እንዳታስነኪው! ክሎሪኑ ብሩን ያጠቁረዋል ይበላዋልም። ኮልጌት ደሞ ይፍቃል፣ ወርቅ ቅቧ ላይማ ጭራሽ፣ ቅቡ በጣም ስስ ስለሆነ አንዴ ከተላጠ ተላጠ ነው

የብር ሠሪ ልጅ፦
ጥቁሩ ዝገት አይደለም አትደንግጪ፣ አየር ላይ ያለው ድኝ ብሩን ሲነካው የሚፈጠር ስስ ሽፋን ነው። የድሮ ጌጥ ብዙው ጠገራ ብር ቀልጦ የተሠራ ነው፣ ያ 1780 የሚል ያለበት ማርያ ትሬዛ፣ እሱ ደሞ ብሩ 83 በመቶ ገደማ ነው ሌላው መዳብ ነው፣ አረንጓዴ ነገር ካየሽበት ከመዳቡ ነው የሚመጣው።
ለብ ያለ ውሃ ላይ ጥቂት ላርጎ ጠብ አድርጊ፣ የልጅ የጥርስ ብሩሽ ነከር አርገሽ ቅቤውን ቀስ እያልሽ አንሺው፣ ድሪውን ግን እንዳትዘፈዝፊው ምክንያቱም እንክብሎቹ ውስጣቸው ባዶ ከሆነ ውሃ ገብቶ ይቀራል ክሩም ይበሰብሳል። መስቀሏን እርጥብ ጨርቅ ብቻ። ከዛ በነጠላ ቁራጭ ቶሎ አድርቂው። ብሩ ላይ የተቀረጸው ስር የገባውን ጥቁር ተይው፣ የቅርጹን መስመር አጉልቶ የሚያሳየው እሱ ነው፣ ሁሉን ነጭ ካረግሽው አበባው ሁሉ ይጠፋል

አዘዞ፦
ፎይልና ቤኪንግ ሶዳ በሙቅ ውሃስ? ዩቲዩብ ላይ አይቼ ነው

የብር ሠሪ ልጅ፦
ይሠራል፣ ድኙ ከብሩ ለቆ ወደ አልሙኒየሙ ይሄዳል። ግን ቅርጹ ውስጥ ያለውንም ጥቁር ጠርጎ ያወጣዋል። አልቦው ልሙጥ ከሆነ ይሁን፣ ድሪውና መስቀሏ ላይ አይሆንም፣ ዶቃና ድንጋይ ያለበት ላይም አይሆንም

የማራኪዋ፦
እሽ በጣም አመሰግናለሁ፣ ከጥምቀት በኋላስ የት ላስቀምጠው?

የብር ሠሪ ልጅ፦
ላቡን በደረቅ ጨርቅ ጠራርገሽ በጥጥ ጨርቅ ጠቅልለሽ ፌስታል ውስጥ ቋጥሪው። በላስቲክ ማሰሪያ እንዳታስሪው ላስቲኩ ራሱ ድኝ አለው። ሽቶም ከሆነ ቀድመሽ ተቀቢና ሲደርቅ ነው ድሪው የሚደረገው