ሞንትጎመሪ ካውንቲ ፓርክ ውስጥ ለልደት ቦታ መያዝ፣ ሰመር ካምፕ እና እናቴን የት ላንሸራሽር?

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ምክራችሁን ፈልጌ ነው።

ባለፈው ዓመት የትልቁን ልጄን ልደት ፓርክ ውስጥ ላክብር ብዬ ተነሳሁ። ከሌሊቱ አስር ሰዓት ጀምሬ ወጥ ስሠራ አደርኩ። ሠላሳ ሰው ጠርቻለሁ። ጠዋት ሄደን ጣሪያ ያለው ባዶ ቦታ አገኘን፤ ጠረጴዛውን አለበስን፣ ፊኛውን ሰቀልን። ልክ ስድስት ሰዓት ላይ አንድ ቤተሰብ ወረቀት ይዞ መጣ። ለካ ቦታው ቀድሞ ተይዟል። ሰዎቹ ትሁት ነበሩ፣ ምንም አልተናገሩንም። እኛ ግን ድስቱን፣ ኬኩን፣ አክስቴን ከነወንበሯ ይዘን ፀሐይ ላይ ወረድን። ልጄ «ማሚ፣ ልደቴ ቀረ?» ያለኝ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ዘንድሮ ልደቱ ጁን ላይ ነው፤ አሁን ገና ማርች ነው። ቦታ የሚያዘው እንዴት ነው? ከሰልና የቡና ነገርስ ይፈቀዳል? ሌላው፣ ለሰመር የልጆች ካምፕ ስፈልግ አንዱ «ፓርክስ» ይላል፣ ሌላው «ሪክሪዬሽን» ይላል፤ አንድ ናቸው ወይስ ሁለት? ደግሞ እናቴ ሜይ ላይ ከአዲስ አበባ ትመጣለች። ጉልበቷን ያማታል፣ ቤት ውስጥ ተዘግታ እንድትውል አልፈልግም። ወሬው ሁሉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ይሁን አላውቅም፣ እኛ ጋ የሚደርሰው ካለፈ በኋላ ነው።

መልስ፦ ከ2006 ጀምሮ ዊተን

እህቴ፣ ያ የልደት ቀን በእኛም ደርሷል፣ አይዞሽ። ፓርክስና ሪክሪዬሽን አንድ ናቸው ወይ ካልሽው ልጀምር፣ ምክንያቱም ሌላው ሁሉ ከዚያ ነው የሚመጣው።

ሁለት ናቸው። ሞንትጎመሪ ፓርክስ መሬቱን ነው የሚያስተዳድረው፦ ከ400 በላይ ፓርኮች፣ የእግር መንገዶቹ፣ ሐይቆቹ፣ የአትክልት ስፍራዎቹ፣ የፒክኒክ ሼልተሮቹ (ጣሪያ ያላቸው የመሰብሰቢያ ቦታዎች)። እሱ በ1927 በሜሪላንድ ሕግ የተቋቋመ፣ ሞንትጎመሪንና ጎረቤቱን የፕሪንስ ጆርጅስን ካውንቲ የሚያገለግል የፓርክና የፕላን ኮሚሽን አካል ነው። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ሪክሪዬሽን ደግሞ የካውንቲው መሥሪያ ቤት ነው፦ የመዋኛ ገንዳዎች፣ የኮሚዩኒቲ ሴንተሮች፣ የአዛውንት ማዕከላት፣ አብዛኛው የልጆች ፕሮግራም የእሱ ነው። ፕሪንስ ጆርጅስ ያሉ ዘመዶችሽ «እኛ ጋ አንድ ነው» ቢሉሽ እውነታቸውን ነው፤ እዚያ ፓርኩንም ሪክሪዬሽኑንም ያ ኮሚሽን ራሱ ይዞታል። ሰው የሚደናገረው በዚህ ነው።

ደስ የሚለው፣ የሁለቱም ምዝገባ አንድ ቦታ ነው፤ አክቲቭ ሞንትጎመሪ የሚባል ድረ ገጽ ነው። ዛሬውኑ አካውንት ክፈቺ። ልጆቹንም ባልሽንም እዚያው አስገቢ። አድራሻሽ በትክክል መግባቱን እዪ፣ ለካውንቲው ነዋሪ ዋጋው ይቀንሳል። ካምፕ በሚከፈትበት ጠዋት የልጅ የትውልድ ቀን እየሞላሽ ቦታው ካለቀ ያናድዳል።

ሼልተሩንም በዚያው ነው የምትይዥው። የሰው ብዛትሽን አስቢ፤ አንዳንዱ ሃያ ሰው፣ አንዳንዱ ከመቶ በላይ ይይዛል፣ ዋጋውም በዚያ ይለያያል። ከመክፈልሽ በፊት ግን አንድ ቀን ሄደሽ በዓይንሽ እዪው። መኪና ማቆሚያው ከሼልተሩ ምን ያህል ይርቃል? መጸዳጃ ቤቱስ? ድስት ተሸክሞ ዳገት የወጣ ሰው ያውቀዋል። ፈቃዱን ወረቀት ላይ አትሚና ይዘሽ ሂጂ፣ ስልክ ባትሪ ይጨርሳል።

መልስ፦ ታኮማ ልጅ

እኔ ለአሥር ዓመት ያህል ምንም ፈቃድ አውጥቼ አላውቅም። በጠዋት ሄዶ ባዶውን መያዝ ነው።

መልስ፦ ከ2006 ጀምሮ ዊተን

ወንድሜ፣ እውነት ነው፣ ያልተያዘ ሼልተር ቀድሞ ለመጣ ነው። ለአምስት ለስድስት ሰው እኔም እንደዚያ አደርጋለሁ። ሠላሳ ሰው ለጠራች እናት ግን ይሄ ምክር አይሆንም። በጁን ቅዳሜ የተመረቀው፣ የተዳረው፣ ልደት ያለው ሁሉ ፓርክ ነው የሚወጣው። ፈቃድ ያለው ከመጣ መነሳት ግድ ነው፣ ባለፈው ዓመትም ያገኛት ይኸው ነው።

መልስ፦ የቡና ጓደኛ

ስለ ከሰሉ እኔ ልንገርሽ። እሳት የሚነደው በግሪል ላይ ነው እንጂ ሣር ላይ አይደለም። የከሰል ምድጃችንን መሬት ላይ አስቀምጦ ማያያዝ ሣሩን ያቃጥላል፣ ሕፃናትም ይሯሯጣሉ። እኔ እንዲህ ነው የማደርገው። ቡናውን ቤት ቆልቼ፣ ፈጭቼ፣ በክዳን ዕቃ እይዛለሁ። ጀበናውን እዚያ የተተከለው ግሪል ዳር፣ ነበልባሉ ካለፈ በኋላ ፍም ላይ እጥዳለሁ። ግሪሉ ሽቦ ስለሆነ ጀበናው እንዳይንጋደድ ከሥሩ አሮጌ የብረት መጥበሻ አደርጋለሁ። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ጭሱንና ቄጤማውን ለቤት ተዪው፤ ፈንዲሻው ግን ይሂድ፣ የፈረንጆቹ ልጆች ሳይቀሩ ከበውን ነው የሚውሉት።

ፍሙን ዛፍ ሥር አትድፊ። ቆሻሻ ላስቲክ ውስጥም አትክተቺ። የከሰል መጣያ ካለ እዚያ፤ ከሌለ ውኃ አፍስሰሽ ፈጽሞ እስኪጠፋ ጠብቂ። መጠጥ በዚያ ፓርክ ይፈቀድ እንደሆነ ቀድመሽ አጣሪ፣ ለቢራ ወዳጆችም ንገሪያቸው። ፓርክ ሲመሽ ይዘጋል፣ ስለዚህ ኬኩን አታዘግዪ።

መልስ፦ ጡረተኛው አባት

ልጄ፣ ስለ እናትሽ ማሰብሽ ደስ አሰኝቶኛል። እኔም ባለቤቴ ስትመጣ በስድስተኛው ፎቅ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ መኪና ስትቆጥር ነበር የምትውለው። ከዚያ ብሩክሳይድ ጋርደንስን አገኘን።

ዊተን ውስጥ ነው፣ ግሌናለን ጎዳና በኩል ይገባል። መግቢያው ነፃ ነው። ሃምሳ ኤከር አካባቢ የሚሆን የአበባና የዛፍ ስፍራ ነው፣ ከ1969 ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት የሆነ። መንገዱ የተደለደለ ነው፣ አግዳሚ ወንበርም አለ፤ ለጉልበት ይመቻል። ኩሬው ዳር ኤሊዎች ፀሐይ ሲሞቁ ይታያሉ። ባለቤቴ መጀመሪያ ቀን እያንዳንዱን አበባ ጎንበስ ብላ እያሸተተች ነው የሄደችው፤ አንዱን «ይሄ የእኛ ሰፈር አጥር ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ከሰኞ እስከ ዓርብ አንድ ቀን ሳንሄድ አንቀርም። ምሳ ግን እዚያ ውስጥ አይበላም። ፒክኒኩ በዚያው በዊተን ሪጅናል ፓርክ በሌላው በኩል ነው፣ በሾርፊልድ መንገድ። ትንሿ ባቡርና የልጆቹ መዞሪያ ፈረስም እዚያ ናቸው።

ቅዳሜና እሑድ ደግሞ የስላይጎ ክሪክ ፓርክዌይ የተወሰነው ክፍል ለመኪና ይዘጋል። አስፋልቱ ለእግረኛና ለብስክሌት ይሆናል። ሰፊ ነው፣ ጥላ አለው፣ ሰው ሳይጋፋ እጅ ለእጅ ተያይዞ መሄድ ይቻላል። ሮክ ክሪክ ዳር ያለው ቢች ድራይቭ የሚባለው መንገድም በከፊል እንዲሁ ነው።

አንድ ነገር አደራ። ሣር ውስጥ ከገባችሁ፣ ቤት ስትመለሱ መዥገር መኖሩን ተመልከቱ። ከጉልበት ጀርባ፣ ብብት ሥር፣ የልጆቹን ፀጉር ውስጥ። «ላይም» (Lyme) የሚባለውን በሽታ የምታመጣው መዥገር በዚህ አገር አለች። ቶሎ ከተነቀለች የማስተላለፍ ዕድሏ በጣም ይቀንሳል፣ ስለዚህ ማታውኑ ማየት ነው። በቀጭን ወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ።

መልስ፦ የካምፕ እናት

ካምፕ ላይ ትንሽ ዘግይተሻል፣ ግን ተስፋ አትቁረጪ። እዚህ የሰመር ካምፕ ምዝገባ የሚከፈተው ገና በረዶ ሳለ ነው። ዋናና ሥዕል ቶሎ ይሞላሉ። ሞልቷል ቢልሽም ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ ግቢ። ጁን መጀመሪያ ላይ የሚሰርዝ ሰው ብዙ ነው፤ የእኔ ልጅ ባለፈው ዓመት የገባው በዚያ ነው። የመጣው ኢሜይል ወደ አላስፈላጊው ሳጥን ሄዶ ነበር፣ እሱንም እያየሽ።

ሪክሪዬሽን በትምህርት ቤቶች ውስጥ የሚያካሂዳቸው ሰመር ፈን ሴንተርስ አሉ። ከሌላው ካምፕ በዋጋ ይቀላሉ፣ ለሚሠራ ወላጅም ይመቻሉ። ሜዲኬይድ ወይም ፉድ ስታምፕ (የመንግሥት የሕክምና ወይም የምግብ ድጋፍ) የምታገኙ ከሆነ ደግሞ ሪክአሲስት ለሚባለው ድጋፍ አመልክቱ። ብዙ የእኛ ሰው «ለእኛ አይሆንም» ብሎ ይተወዋል። ለነዋሪው የተቀመጠ ነው፣ ማፈር አያስፈልግም። የልጆቹን የክትባት ወረቀትና የጤና ፎርም አሁኑኑ አዘጋጂ፤ ሐኪም ቤቶች ጁን ላይ በፎርም ይጨናነቃሉ።

ለራስሽም አንድ ነገር። የካውንቲው ነዋሪ ከሆንሽ በሪክሪዬሽን ማዕከላት ያለው የስፖርት ክፍል ነፃ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ መሃል በ2024 የተከፈተው አዲሱ የሪክሪዬሽንና የዋና ማዕከል ለእናንተ ቅርብ ነው። ገንዳው ግን ክፍያ አለው።

መልስ፦ አሰልጣኝ

በልደቱ ቀን ኳስ ሊጫወቱ ከሆነ፣ ሜዳውም እንደ ሼልተሩ ፈቃድ አለው። ሼልተር መያዝ ሜዳ መያዝ አይደለም። ዝናብ ካደረ የሣር ሜዳ ሊዘጋ ስለሚችል ጠዋት የሜዳዎቹን ሁኔታ አጣሩ። ሐይቅ ያለበት ከሄዳችሁም፣ ብላክ ሂልም ሆነ ሌክ ኒድዉድ፣ ጀልባ ይከራያሉ እንጂ መዋኘት ክልክል ነው። ልጆቹን ቀድማችሁ አስጠንቅቁ።

መልስ፦ ባለ ጎመኗ

እናትሽ አፈር የምትወድ ከሆነች፣ እባክሽ ይሄን አስቢበት። ፓርክስ ከ2009 ጀምሮ የማኅበረሰብ ጓሮዎች አሉት። ነዋሪው ትንሽ መደብ ተከራይቶ ይተክላል። ተራ ይጠበቃል፣ እኔም ጠብቄያለሁ፣ ግን ስምሽን ማስገባት ምንም አይጎዳሽም። ዘንድሮ ባይደርስ ለከርሞ ነው።

የእኔ መደብ ላይ የሐበሻ ጎመን፣ በሶብላ፣ ጤና አዳምና ቃሪያ አሉ። በሶብላ ብርድ አይችልም፤ ሜይ አጋማሽ ሳይደርስ ካወጣሽው በአንድ ሌሊት ጥቁር ይላል። ጤና አዳም ግን በረዶውን ችሎ በስፕሪንግ ይመለሳል። ባለፈው ኦገስት ከጎኔ ያሉ የኤል ሳልቫዶር ሴትዮ በሶብላውን አሽትተው ስሙን ጠየቁኝ። ዘሩን ሰጠኋቸው፣ እሳቸውም በቆሎ ሰጡኝ። አሁን የእኔንም መደብ የሚያጠጡልኝ እሳቸው ናቸው።

መልስ፦ ስብሰባ የሚገባው

ወሬው አይደርሰንም ስላልሽው። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው፣ ካውንቲው ውስጥ ሆነሽ ወደ ካውንቲው የመረጃ ስልክ 311 ደውይና «አምሃሪክ» በይ። አስተርጓሚ በስልክ ያገናኙሻል። በእንግሊዝኛ ማብራራት ለሚከብዳት እናትም ይሠራል።

ሁለተኛው ረጅም ነው፣ ግን እኔ በጣም አምንበታለሁ። ፓርክስን በበላይነት የሚመራው የካውንቲው የፕላን ቦርድ ነው። የአንድን ፓርክ መጫወቻ ሊቀይሩ ሲሉ የሕዝብ አስተያየት ይቀበላሉ። በጀቱ ደግሞ በየዓመቱ በስፕሪንግ በካውንቲው ምክር ቤት ይታያል፤ የበጀት ዓመቱ ጁላይ 1 ይጀምራል። ማንም ነዋሪ በጽሑፍም በአካልም ሐሳቡን ማቅረብ ይችላል። ይህ ካውንቲ ከ2012 ጀምሮ የጎንደር እህት ከተማነት ያለው ነው፣ ቁጥራችንም ትንሽ አይደለም። ስለ ሼልተርና ስለ ካምፕ በአማርኛ አንድ ገጽ ይውጣልን ብለን ብንጽፍ ያነቡታል። እኔ ረቂቁን እጽፋለሁ፤ ስማችሁን የምታክሉ እዚሁ ንገሩኝ።

ጠያቂዋ፦ የሁለት ልጆች እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። አባባ፣ እርስዎንም ባለቤትዎንም እድሜ ይስጥልኝ፤ እናቴ ስትመጣ ብሩክሳይድ እናገኛችኋለን።

አካውንቱን ከፈትኩ። ቅዳሜ ከልጄ ጋር ሄደን ሦስት ሼልተር አየን። እሱ የመረጠው ትልቁን አልነበረም፤ ከመጫወቻው አጠገብ ያለውን፣ ጥላ ያለበትን ነው። ጁን ለሁለተኛው ቅዳሜ ያዝኩት። ፈቃዱን ሁለት ጊዜ አተምኩት፣ አንዱን እሱ ፍሪጁ ላይ በማግኔት ለጥፎታል። ትንሿ ልጄ ካምፕ ሁለተኛ ተጠባባቂ ናት።

ለረቂቁ ደብዳቤ ስሜን አክሉልኝ። የቡና ጓደኛ፣ ያ የብረት መጥበሻ ምን ያህል ስፋት አለው?