ከእናትና ከልጆች ጋር አንድ ቀን በዲዝኒላንድ ፓሪስ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከአራት ኪሎ)

ጤና ይስጥልኝ። በመጪው ነሐሴ ትምህርት ቤት ዝግ ስለሚሆን፣ ፓሪስ የምትኖረውን እህቴን ለመጠየቅ ለሁለት ሳምንት እንሄዳለን። ቪዛው ተሰጥቶናል፤ የአውሮፕላን ትኬትም ቆርጠናል። አብረውኝ የሚጓዙት የ10 ዓመት ሴት ልጄ፣ የ5 ዓመት ወንድ ልጄና የ71 ዓመት እናቴ ናቸው። ልጆቹ ከጉዞው ሁሉ በጉጉት የሚጠብቁት ዲዝኒላንድን በመሆኑ የቡሄን ዕለት ነሐሴ 13ን ለዚያ መድበናል። እህቴ የምትኖረው ናሲዮን የሚባለው የባቡር ጣቢያ አጠገብ ነው፤ ሆኖም ፓርኩን ገብታ አይታው አታውቅም፤ በዚያን ዕለትም ከሥራ ፈቃድ ማግኘት አልቻለችም። ስለዚህ ሦስቱን ይዤ የምሄደው ብቻዬን ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የእናቴ ነገር ነው። ጉልበቷን ያማታል፤ ከቤታችን ቅድስት ሥላሴ ደርሳ ለመመለስ እንኳ መንገድ ላይ አረፍ ማለት ያስፈልጋታል። በዚያ ላይ ፍልሰታን የምትጾመው እስከ 9 ሰዓት ነው፤ እስከዚያም ውኃ አትቀምስም። ሁለተኛው ጭንቀቴ ቁመትን ይመለከታል። አንዳንዱ መጫወቻ አጭር ልጅ እንደማያስገባ ሰምቼ ልጆቹን በሜትር ስለካቸው፣ ወንዱ 1.04 ሜትር፣ ሴቷ 1.36 ሜትር ሆነው ተገኙ። እዚያ ደርሶ ልጄ ተመልሶ ሲያለቅስ ማየት አልፈልግም። የሄዳችሁበት ካላችሁ ከትኬቱ ጀምራችሁ ብትመክሩኝ በጣም አመሰግናለሁ።

መልስ (ከካዛንችስ)

እህቴ፣ ከሁሉ አስቀድመው ቀኑን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጽፈው ለእህትዎ ይላኩላት። የፓርኩ ትኬት የሚሸጠው በተወሰነ ቀን ነው፤ በዚያ ቀን እንጂ በሌላ ቀን አያስገባም። እኔ ውጭ ላለው ወንድሜ በስልክ «ነሐሴ 13» ብዬው፣ እሱም ነሐሴና ኦገስት አንድ ናቸው ብሎ ለኦገስት 13 ቆረጠልኝ። ነሐሴ 13 የሚውለው ግን ኦገስት 19 ነው። ስህተቱን ያወቅነው ፓሪስ ከደረስን በኋላ ስለነበር ለሌላ ቀን አዲስ ትኬት ለመግዛት ተገደድን። ትኬቱን እህትዎ በራሷ የባንክ ካርድ ከፓርኩ ድረ ገጽ ብትቆርጠው ይሻላል፤ ዋጋው እንደ ቀኑ ስለሚለያይ ቀደም ብላ ታወዳድር። ከ3 ዓመት በታች ያለ ሕፃን በነፃ ይገባል፤ ከ3 እስከ 11 ዓመት ያሉት የልጅ ዋጋ ይከፍላሉ። እናትዎ ምንም ባይጫወቱም ትኬት ያስፈልጋቸዋል።

ቀኑን ከኦገስት 15 ማራቅዎ መልካም ነው፤ በፈረንሳይ የእመቤታችን ፍልሰታ የሚከበረው በዚያ ዕለት ሲሆን የመንግሥት በዓል ነው። ያም ሆኖ ኦገስት ለፈረንሳዮችም የዕረፍት ወር በመሆኑ ረጅም ሰልፍ ይጠብቁ።

በቦታው ያሉት ፓርኮች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው በ1992 በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር የተከፈተው ሲሆን፣ ሁለተኛው ከ10 ዓመት በኋላ በ2002 የተጨመረው ነው። ሁለቱንም በአንድ ቀን የሚያስገባ ትኬት ቢኖርም ለእናንተ አልመክረውም። በእርስዎ ሁኔታ የመጀመሪያው ብቻውን ቀኑን ሙሉ ይበቃል፤ ልጆች የሚወዱት የተረቷ ልዕልት ቤተ መንግሥትም ያለው እዚያው ነው።

ስለ ቁመት የሚያስፈልጋችሁ ይህ ነው። ቢግ ተንደር ማውንቴን የሚባለው የማዕድን ባቡር 1.02 ሜትር ስለሚጠይቅ ወንዱ ልጅዎ ያልፋል። መነሻው ከውኃው ወዲህ ሆኖ ተራራው ደሴት ላይ በመሆኑ ባቡሩ ከውኃው ሥር በዋሻ ይሻገራል፤ የእኔ ልጆች ከሁሉም የወደዱት እሱን ነው። በጨለማ ውስጥ የሚገለባብጠው ስፔስ ማውንቴን 1.20 ሜትር ስለሚጠይቅ ሴቷ ብቻ ትገባለች፤ የኢንዲያና ጆንስ ሮለር ኮስተር ግን 1.40 በመሆኑ እሷንም አያስገባም። ይህን ዛሬውኑ ቤት ውስጥ ይንገሯቸው፤ ልጅ አስቀድሞ የተነገረውን ነገር በር ላይ ሲሰማው ያህል አይጎዳበትም። የቁመት ገደብ የሌላቸው ብዙዎች ናቸው፦ የፒተር ፓን በረራ፣ የሕፃናት አሻንጉሊቶች በየአገሩ ልብስ የሚዘፍኑበት የጀልባ ጉዞ፣ የሚበርሩት ዝሆኖች። ከእነዚህ የፒተር ፓን ሰልፍ ቀኑን ሙሉ ስለማይቀንስ በሩ እንደተከፈተ በቀጥታ ወደዚያ ይሂዱ። የፓርኩን መተግበሪያ ስልክዎ ላይ ከጫኑ የእያንዳንዱን ሰልፍ ርዝመት በደቂቃ ያሳይዎታል፤ ለጥገና የተዘጋ ካለም ከቤት ሳይወጡ ያውቁታል።

መልስ (ከፒያሳ)

መጓጓዣውን በተመለከተ ናሲዮን ማረፋችሁ ትልቅ ዕድል ነው፤ ባቡር ሳትቀይሩ አርኢአር ኤ (RER A) በሚባለው የባቡር መስመር ከግማሽ ሰዓት ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ ትደርሳላችሁ። የምትወርዱበት ጣቢያ ማርን ላ ቫሌ ሼሲ የመጨረሻው ነው፤ ከጣቢያው እስከ ፓርኩ መግቢያ ያለውም ጥቂት ደቂቃ የእግር መንገድ ነው።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ይህ መስመር ከናሲዮን ቀጥሎ ካለው ቬንሴን ጣቢያ በኋላ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ሼሲ፣ ሌላው ወደ ቧሲ ሴን ሌዤ ይሄዳል። እኔ መጀመሪያ የመጣውን ባቡር ተሳፍሬ ወደ ቧሲ አቅጣጫ አራት ጣቢያ ከሄድኩ በኋላ ነው የነቃሁት፤ ተመልሼ እስክደርስም የማለዳው ሰዓት አለፈብኝ። ወደ ሼሲ አቅጣጫ ሆነው መንገድ ላይ የሚያበቁ ባቡሮችም አሉ። ስለዚህ መድረኩ ላይ በተሰቀለው ሰሌዳ ሼሲ የሚለው ስም መብራቱን ሳያዩ አይሳፈሩ።

እ.ኤ.አ. ከጃንዩዌሪ 2025 ጀምሮ የባቡሩ ዋጋ ለርቀቱ ሳይታይ አንድ ዓይነት ሆኗል፤ ሲጀመር 2.50 ዩሮ ነበር። ከ10 ዓመት በታች ላለ ልጅ ግማሽ ነው። የጉዞው ትኬት የሚሞላበት ናቪጎ ኢዚ የሚባለው ካርድ ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ያስፈልጋል፤ ሲወጡም በሩ ስለሚጠይቅ አይጣል። መስመሩ በነሐሴ አንዳንዴ ለጥገና በከፊል ስለሚዘጋ፣ እህትዎ በዋዜማው ምሽት ታጣራልዎት።

መልስ (ከሜክሲኮ)

በአክብሮት አንድ ነገር ልናገር። እስከ 9 ሰዓት ውኃ የማይጠጡ የ71 ዓመት እናት በኦገስት ፀሐይ ያን ሁሉ ሰዓት በእግር ማንከራተት ተገቢ አይመስለኝም። እኛ አገር ነሐሴ ዝናብና ብርድ ስለሆነ ልብ አንለውም እንጂ፣ እዚያ ሙቀቱ አንዳንድ ቀን በጣም ይበረታል። እሳቸው ቤት ቢያርፉና ሌላ ቀን ከተማውን ቢያዩ ይሻላል።

መልስ (ከስድስት ኪሎ)

የሜክሲኮው ወንድማችን ያሳሰባቸው በእውነት የሚያሳስብ ነው፤ ሆኖም እኔ የ74 ዓመት እናቴን ይዤ በጾም ሄጄ ስለነበር የተለየ ሐሳብ አለኝ። እናትዎ መሄድ ከፈለጉ አይከልክሏቸው፤ ቀኑን ግን በእሳቸው ጉልበት ልክ ይቁረጡት።

ፓርኩ በር ላይ ተሽከርካሪ ወንበር ይከራያል። እናቴ «እኔ ሽባ ነኝ ወይ» ብላ መጀመሪያ እምቢ ብላ ነበር። «ልጆቹ ሲደክማቸው ቦርሳውን እናስቀምጥበታለን» ብዬ ተከራየሁት፤ ከምሳ ሰዓት በኋላ ራሷ ጠይቃ ተቀመጠችበት። የእናትን ክብር ሳይነኩ ለማሳረፍ እንዲህ ያለ መንገድ መፈለግ ያስፈልጋል። በተጨማሪም ከዋናው መግቢያ እስከ ቤተ መንግሥቱ የሚወስደው ጎዳና ግራና ቀኝ ጣሪያ ያላቸው ሁለት መተላለፊያዎች አሉት፤ ፀሐይም ዝናብም አያገኛቸውም፣ መቀመጫም አላቸው። የመገናኛ ቦታችሁ አንደኛው ይሁን፤ የእናትዎ ስልክ ፈረንሳይ የማይሠራ ከሆነም በዚህ ሰዓት እዚህ እንገናኝ ብላችሁ ቁረጡ።

ሌላም ነገር አለ። እርስዎ ብቻዎን ሁለት ልጅ ይዘው ሲሄዱ፣ ሴቷ ስፔስ ማውንቴን ስትገባ ወንዱን ለማን ይተዉታል? እናትዎ መኖራቸው የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ልጁን ከቤተ መንግሥቱ ሥር ያለውን ሰው ሠራሽ ዘንዶ ያሳዩት፤ ጭሱን እየተፋ ጭንቅላቱን ሲያንቀሳቅስ ሕፃናት ያፈጥጣሉ። ቢፈራ ደግሞ አያቱ አጠገቡ ናቸው።

ምግቡን ከቤት ይያዙ። ቀለል ያለ ነገር ማስገባት ይፈቀዳል፤ የመስታወት ጠርሙስና የአልኮል መጠጥ ግን አይገባም፣ ቦርሳም ይፈተሻል። እዚያ የሚሸጠው ቂጣ መሳዩ ክሬፕም ሆነ ክሯሳን ወተትና ቅቤ ስላለበት ለጾመኛ አይሆንም። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ከዚህ ይዘው ይሂዱ፤ ዕለቱ ቡሄ ስለሆነም እህትዎ በዋዜማው ሙልሙል ብትጋግርላችሁ ለልጆቹም በዓሉ በዓል ይሆንላቸዋል። ለእናትዎ 9 ሰዓት ሲሞላ ውኃውና ምግቡ ከእጃቸው አይራቅ፤ ከዚያ በፊት ከ6 እስከ 9 ያለውን ጊዜ በጥላ ሥር ያሳልፉ። መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ግን ስለ ጾሙ ከመነሳታችሁ በፊት ሐኪማቸውንም የንስሐ አባታቸውንም ያማክሩ።

ጥያቄ (ከአራት ኪሎ፣ በድጋሚ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ምክሩን ለእናቴ ሳነብላት፣ ልጁን የመጠበቁን ሥራ ስትሰማ «እንዲያማ ከሆነ እሄዳለሁ» አለች። ወንበሩንም ለቦርሳ ብለን እንከራያለን። የቀረኝ አንድ ጥያቄ የማታው ትርኢት ነው፤ ልጆቹ ቤተ መንግሥቱ ላይ የሚታየውን ብርሃንና ርችት ሳያዩ መመለስ አይፈልጉም። ስንት ሰዓት ይሆናል?

መልስ (ከካዛንችስ)

ትርኢቱ የሚቀርበው ፓርኩ ሊዘጋ ሲል፣ ከጨለመ በኋላ ነው። በዚያ ወቅት ፓሪስ ውስጥ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ስለሆነ፣ እንደ አዲስ አበባ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ይመሻል ብለው አይጠብቁ። የዕለቱን ሰዓት መተግበሪያው ያሳያል፤ 22:30 ቢል ከምሽቱ 4:30 ማለት ነው። በሩ የሚከፈትበት 9:30ም የጠዋቱ 3:30 ስለሆነ ከቤት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ብትነሱ ለፍተሻውም ጊዜ ይኖራችኋል።

ከጠዋት እስከዚያ ሰዓት መቆየት ለእናትዎም ለትንሹም ከባድ ነው። እህትዎ ከሥራ ስትወጣ በባቡሩ መጥታ 12 ሰዓት ገደማ ጣቢያው ላይ ብትጠብቃችሁ፣ እናትዎን ይዛ ወደ ቤት ትመለሳለች፤ እርስዎ ከልጆቹ ጋር ትርኢቱን አይታችሁ ትከተላላችሁ። እሷ ወደ ፓርኩ ስለማትገባ ለዚህ ትኬት አያስፈልጋትም። ትንሹ በዚያ ሰዓት እንቅልፍ ስለሚወስደው፣ የተከራያችሁትን ተሽከርካሪ ወንበር እናትዎን ስትሸኙ መልሳችሁ ለእሱ የልጅ ጋሪ ተከራዩ፤ ሲዘጋ ሕዝቡ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ባቡሩ ስለሚጎርፍ ደግሞ የመመለሻውን ጉዞ ጠዋቱኑ ካርዳችሁ ላይ ሙሉት።