የታካሚው ስም ካልተጠቀሰ ምስሉን መለጠፍ ይቻላል?

ጥያቄ አቅራቢ (የካ አባዶ)፦ በሰፈራችን የሚሠራ አንድ ሐኪም ትኩስ ውኃ የፈሰሰበትን ሕፃን እጅ ቀርጾ በቲክቶክ ለቀቀ። ቃጠሎ ላይ የጥርስ ሳሙና አትቀቡ የሚል ትምህርት ነው፤ እውነትም ጠቃሚም ነው። የልጁ ስም አልተጠቀሰም፣ ፊቱም አልታየም። ሆኖም አንጓው ላይ የታሰረችው ቀይ ክርና አልጋው ጠርዝ ላይ ያረፈው የእናቱ ነጠላ ጥለት ስለታዩ የኮንዶሚኒየሙ ሰው ሳይመሽ የማን ልጅ እንደሆነ ለየው፤ እናቲቱም በየቡናው «ልጇን ያቃጠለች» ተባለች። አድራጎቱ ተገቢ ነው ትላላችሁ?

ጠቅላላ ሐኪም (ለገጣፎ)፦ ለመኮነን ባንቸኩል መልካም ነው። የተቃጠለን አካል ወዲያውኑ ለ20 ደቂቃ ያህል በሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ማቆየት እንደሚገባ ያወቁት ከስልካቸው እንደሆነ የሚነግሩኝ ወላጆች አሉ። (ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት በእኛ ሰፈር ከጀሪካን ማንቆርቆርም ይሠራል።) እኛ ዝም ካልን መድረኩን የሚይዘው የስኳር በሽታን በአንድ ጠርሙስ አድናለሁ ባዩ ነው። ስፔሻሊስት በሌለበት ሌሊትም የኤክስሬይ ፎቶ በቴሌግራም ለባልደረቦቼ ልኬ የማገኘው ምክር ታካሚዬን ይጠቅማል።

የሕግ ባለሙያ (ሰበታ)፦ ዶክተር፣ ማስተማርን የከለከለ የለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ግን በአንቀጽ 399 ሐኪም በሙያው ምክንያት ያወቀውን ሚስጥር ቢያወጣ፣ አቤቱታ ሲቀርብበት እንደሚቀጣ ይደነግጋል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ለጤና መረጃ ከሌላው የጠበቀ ከለላ ሰጥቶታል። በቴሌግራም የሚልኩት ኤክስሬይ ጥግ ላይ የታካሚው ስምና ዕድሜ ታትሞ ቢሆንስ? ብዙ አባላት ባሉት ቡድን ውስጥ ማን ወዴት እንደሚያስተላልፈው አይታወቅም።

ጠቅላላ ሐኪም፦ ስሙን ቆርጬ ነው የምልከው። ደግሞስ ሐኪሙ እናቲቱን አስፈቅዶ ከሆነ ጥፋቱ ምን ላይ ነው?

ነርስ (ኮዬ ፈጬ)፦ ልጇ እያለቀሰ፣ ሐኪሙ በአንድ እጁ ፋሻ በሌላው ስልክ ይዞ ሲጠይቃት እምቢ የምትል እናት አላየሁም፤ እምቢ ካለች ልጇ በቅጡ የሚታከምላት አይመስላትም። እንዲህ ያለውን ፈቃድ እኔ ከፈቃድ አልቆጥረውም። ከዚያ ይልቅ የገዛ እጁን ቧንቧ ሥር አድርጎ ቢያሳይ ትምህርቱ አንዲት ነገር አይጎድልበትም ነበር። ተመልካቹ ያንስ ይሆናል፤ እንደሚመስለኝ ጭንቁም እሱ ነው።

ጠቅላላ ሐኪም፦ ስለ ፈቃዱ ያሉት ያስማማኛል፣ ሲስተር፤ በተመልካች ብዛት ማማትዎ ግን አልተዋጠልኝም። ምስሉ ካስቀየመ ይነሣ።

ጥያቄ አቅራቢ፦ በማግሥቱ ተነሥቷል፤ ነገር ግን ያወረዱት ሰዎች በእድሩ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ መልሰው አስገቡት። እናቲቱ አሁን የልጇን ቁስል የምታሳጥበው አያት ሰፈር ድረስ በታክሲ እየወሰደችው ነው።