ከፖርት ኦገስታ እስከ ዳርዊን በካራቫን፦ ጭነት፣ ጎማ፣ ነዳጅ

መንገደኛ_08፦
ሰላም ለሁላችሁ። በሐምሌ በአውስትራሊያ ስቱዋርት ሀይዌይን ይዘን ከፖርት ኦገስታ ወደ ዳርዊን ልንወጣ ነው፤ ሁለት አዋቂና ሁለት ልጆች። ካራቫኑ (መኪናው የሚጎትተው ቤት) ባዶውን 2,050 ኪሎ ነው፣ ከነጭነቱ የሚፈቀድለት 2,500። ሁለት ባለ 95 ሊትር የውሃ ታንከር አለው። መኪናው ናፍጣ ነው፣ 80 ሊትር ይይዛል። ስንመለስ ከማርላ በኡድናዳታ ትራክ ወደ ማሪ ለመውረድ አስበናል። ጭነቱን እንዴት ላከፋፍል? ፒስታ ላይ የጎማ ንፋስ ስንት ይሁን? ጀሪካን ያስፈልጋል?

ጋንቾ፦
መጀመሪያ ሂሳቡን እንሥራ። የቀረህ 450 ኪሎ ነው። ውሃው ሲሞላ 190 ይወስዳል፣ የሁለት ባለ 9 ኪሎ ሲሊንደር ጋዝ 18። ለምግብ፣ ለልብስና ለመሣሪያ የሚተርፍህ 242 ብቻ ነው። ካራቫኑ ላይ የተለጠፈውን ባዶ ክብደትም አትመነው፤ በኋላ የተገጠመ ባትሪና ሶላር እዚያ ውስጥ የለም። ሚዛን ላይ አውጣው።

ጋንቾው (ካራቫኑ ከመኪናው ጋር የሚያያዝበት) ላይ የሚያርፈው ክብደት ከካራቫኑ ክብደት 10 በመቶ ገደማ ይሁን፤ ላንተ 250 ኪሎ። ለመለካት ካራቫኑ እንደተያያዘ የመኪናውን ጎማዎች ብቻ ሚዛኑ ላይ አቁምና አንብብ፣ ከዚያ ፈትተህ መኪናውን ለብቻው መዝን። ልዩነቱ እሱ ነው። ይህ 250 ኪሎ ደግሞ ከመኪናው የመጫን አቅም ላይ ይቀነሳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ካራቫኑ ሕጋዊ ሆኖ መኪናው ከልክ ያልፋል።

ከባዱን ዕቃ ወለሉ ላይ፣ በጎማዎቹ አካባቢ ወይም ትንሽ ቀደም አድርገህ አስቀምጥ። ስኮርታና ጀነሬተር ኋላ ከተንጠለጠለ ጋንቾው ይቀልና ካራቫኑ መወዛወዝ ይጀምራል። ያኔ የእግር ፍሬን አትርገጥ። ነዳጁን ቀስ ብለህ ልቀቅ፣ በእጅ የሚሠራውን የካራቫኑን ፍሬን ብቻ ተጠቀም።

ቀይ_አፈር፦
ስለ ጎማው፦ ጠዋት ቀዝቃዛ እያለ አስፋልት ላይ በ48 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) የምትነዳ ከሆነ፣ ደህና ፒስታ ላይ 36፣ እንደ ቆርቆሮ በተሸነሸነው ላይ 30 አካባቢ አድርገህ በሰዓት ከ60 ኪሎሜትር አትለፍ። መነሻው ጭነትህ ስለሆነ ቁጥሩን እንዳለ አትቅዳ። የላይት ትራክ (የቀላል ጭነት መኪና) ጎማ ሲሞቅ ከ6 ፒኤስአይ በላይ ከጨመረ ወይ ንፋሱ አንሷል ወይ ጭነቱ በዝቷል። አስፋልት ስትገባ ከመፍጠንህ በፊት መልሰህ ሙላ፤ በላላ ጎማ 100 ከነዳህ ጎኑ ግሎ ይፈነዳል።

ሽንሽኑ ላይ ቀድሞ የሚደክመው አሞርዛተር ነው። ከልክ በላይ ሲግል መያዝ ያቅተዋል፣ ከዚያ ባሌስትራው እየዘለለ ብሎኑን ሁሉ ያላላል። ስለዚህ በየሰዓቱ ቁም። እጅህን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ መሃል አስጠጋ፤ አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ ከጋለ ወይ ኩሽኔታው ነው ወይ ፍሬኑ ይዟል። በክሪክ አንስተህ ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ወዝውዘው፤ ከተንቀጫቀጨ ኩሽኔታው ላልቷል። አንድ ሙሉ ኩሽኔታ ከነላስቲክ ማኅተሙና ግራሶ ይዘህ ውጣ።

ሌላው የመኪናው የኋላ መስታወት ነው። የኋላ ጎማ የወረወረው ጠጠር የካራቫኑን ፊት መትቶ ይነጥርና መስታወቱን ያረግፈዋል። በመኪናውና በካራቫኑ መካከል የሚወጠር መረብ አለ። እሱ ከሌለ መስታወቱን በወፍራም ካርቶን ሸፍን።

ዳዶ፦
በዚህ ከቀይ_አፈር ጋር አልስማማም። ኡድናዳታ ትራክ 615 ኪሎሜትር ያህል ፒስታ ነው። ካራቫኑ ለፒስታ የተሠራ ካልሆነ በንፋስ ቁጥር አይድንም፤ የውሃ ታንከሩ ማሰሪያ ይበጠሳል፣ ቁም ሳጥኑ ይነቀላል። የኢንሹራንስ ውልህንም አንብብ፣ ፒስታ ላይ የደረሰን ጉዳት የማይሸፍን አለ። ካራቫኑን ሀይዌዩ ላይ ባለችው ኩበር ፒዲ አቆየውና በመኪናው ብቻ ትራኩ ላይ ያለችው ዊልያም ክሪክ ደርሰህ ተመለስ፤ መሄጃው 166 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ዝናብ ከጣለ መንገዱ ይዘጋል፣ የተዘጋ መንገድ ላይ መንዳት ደግሞ ያስቀጣል።

መንገደኛ_08፦
ዳዶ አሳምነኸኛል፣ ትራኩ ቀረ። ነዳጁስ? የዊልያም ክሪኩ አቧራ ካራቫኑ ከሌለ አያሳስበኝም፣ ግን ካምፕ መግቢያው ሁሉ ፒስታ ነው ይባላል፤ አቧራው ካራቫኑ ውስጥ እንዳይገባ ምን ላድርግ?

ጋንቾ፦
በ100 ኪሎሜትር 18 ሊትር ቢበላ 80 ሊትር 444 ኪሎሜትር ያስኬዳል፤ የፊት ንፋስ ሲኖር 23 ይበላና ወደ 348 ይወርዳል። በሐምሌ ንፋሱ ብዙ ጊዜ ከደቡብ ምሥራቅ ስለሆነ የሚያስቸግርህ ስትመለስ ነው። ከኩበር ፒዲ በስተደቡብ ካለችው ግሌንዳምቦ እስከ ኩበር ፒዲ 254 ኪሎሜትር ነው፣ በመካከሉ ማደያ የለም። ግሌንዳምቦ ላይ ካልቀዳህ ግን ከኩበር ፒዲ ከዚያ ቀጥላ እስካለችው ፒምባ 365 ገደማ ይሆናል። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለዚህች ብቻ ያዝ፤ ካራቫኑ ውስጥ አታስገባው።

ከሌሎች ሾፌሮች ጋር የምትነጋገርበትን ሬዲዮ ቻናል 40 ላይ አድርግ። እስከ 53.5 ሜትር የሚረዝም ባለ ብዙ ተሳቢ የጭነት መኪና ሊቀድምህ ሲወጣ መስመርህንና ፍጥነትህን ጠብቅ፤ ጎንህ ሲደርስ ትንሽ ቀነስ አድርግለት። ሲመሽም ሲነጋም ካንጋሮ ስለሚበዛ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቁም።

ቀይ_አፈር፦
ለአቧራው፦ መስኮት ሁሉ ዝጋ፣ ጣሪያ ላይ ያለውን መክፈቻ ወደ ፊት አዙረህ ክፈት። ስትነዳ አየር ገብቶ ከውስጥ ስለሚገፋ አቧራው በስንጥቅ አይገባም። የፍሪጁን የውጭ መተንፈሻ በፕላስተር ከሸፈንከው ፍሪጁን በጋዝ ከማብራትህ በፊት ላጠው።