የእናቴ ሰው ሠራሽ ጥርስ በአንድ በኩል ብቻ ይገጥማል

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ሰንዳፋ ነው። እናቴ ከላይም ከታችም ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ካስገባች ሦስት ሳምንት ሆናት። ስትነክስ የቀኙ መንጋጋ ቀድሞ ይገጥማል፤ ያኔ የታችኛው ጥርስ ከግራ በኩል ብድግ ይላል። ድዷ ቆስሎ እንጀራውን በወጥ አርሳ ነው የምትውጠው፤ ቆሎማ ተረስቷል።

የሠራላት ባለሙያ «ይለመዳል» ብሎ ሸኘን። እኔ እስከማውቀው ግን በንክሻ ጊዜ የሁለቱም ጎን የኋላ ጥርሶች እኩል መግጠም አለባቸው፤ አፍ ሲያርፍ ደግሞ በላይኛውና በታችኛው መካከል ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይኖራል። የእሷ ዝም ብላ ስትቀመጥም አይላቀቅም፤ ስታወራም ይንቋቋል።

ጎረቤታችን (አናጺ ነው) በሞረድ ላስተካክለው ብሎ ነበር፤ አመስግኜ መለስኩት። በቀለም ወረቀት ምልክት ተደርጎ ቀድሞ የሚነካውን ቦታ ማስሞረድ ይበቃናል ወይስ የንክሻዋ ልክ እንደገና ተወስዶ ሌላ መሠራት አለበት?