የስቱዲዮው ሰዓት ለአየር ንብረትና ለቴክኖሎጂ ይሰጥ? (ክርክር)

አወያይ፦ አዲስ አበባ አሁን የምትመራበት መዋቅራዊ ፕላን (የመላ ከተማዋ አጠቃላይ ፕላን) በ2009 ዓ.ም. ለ10 ዓመት የተዘጋጀ በመሆኑ፣ ቀጣዩን የሚሠሩት ባለሙያዎች ዛሬ በትምህርት ላይ ያሉ ወይም በቅርቡ የተመረቁ ናቸው። ስለዚህ ጥያቄው የሚከተለው ነው፦ በከተማ ፕላን ትምህርት ለንድፍ ስቱዲዮ፣ ማለትም ተማሪው አንድ ቦታ ተሰጥቶት ንድፍ ለሚሠራበት የተግባር ትምህርት፣ እንዲሁም ለፕላን ታሪክ ከሚሰጠው ሰዓት ተቀንሶ የአየር ንብረት ሳይንስ፣ የሳተላይት መረጃ ትንተናና ሰው ሠራሽ አስተውሎት ዋና ኮርስ ይሁኑ ወይስ አይሁኑ? ምሳሌ የምታቀርቡ ከአራዳ፣ ከልደታና ከቂርቆስ ብትወስዱ ሁላችንም የምናውቀው ሰፈር ስለሆነ ለመመዘን ይቀላል።

ወጣት ፕላነር፦ ይቀነስ ባይ ነኝ። ስማር አብዛኛው ጊዜዬ ያለቀው ካርቶን ቆርጦ ሞዴል በመሥራትና የግምገማ ፖስተር በማሳመር ነው። ሥራ ስጀምር የተጠየቅሁት ግን አንድ ሰፈር በ10 ዓመት ውስጥ ምን ያህል አረንጓዴ እንዳጣ በካርታ እንዳሳይ ነበር። ሴንቲኔል 2 የተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች በየ5 ቀኑ እየተመላለሱ የሚያነሱት ምስል በነፃ ይገኛል፤ ጎግልም እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በአፍሪካ የሚገኙ ሕንፃዎችን ቅርጽ በማሽን ለይቶ ለሕዝብ ለቋል። ኪውጂአይኤስን የመሰለ የካርታ ሶፍትዌር ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም። ይህን ሁሉ ማንበብ የማይችል ፕላነር፣ ፕላኑ ገና ሳይጸድቅ ከተማው ጥሎት ይሄዳል።

የፕላን መምህርት፦ ወንድሜ የጠቀሳቸውን መሣሪያዎች እኛም እናስተምራለን፤ ይበልጥ ብናስተምርም አልጠላም። የምቃወመው ከታሪክና ከስቱዲዮ ይቀነስ የሚለውን ነው። የከተማዋ ሙቀት የት እንደሚበረታ ለማወቅ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ላንድሳት የተባለው የአሜሪካ ሳተላይት የሚያነሳውን የሙቀት ምስል ያወርዳሉ። ሳተላይቱ በከተማችን ላይ የሚያልፈው ከረፋዱ 4 ሰዓት ተኩል አካባቢ ስለሆነ የከሰዓቱን ሙቀት አያይም። ከዚህ የሚብሰው ግን አዲስ ቆርቆሮ ሙቀቱን በጨረር መልክ የሚለቀው በጣም ጥቂቱን ስለሆነ፣ የጣሪያው ባሕርይ በስሌቱ ካልታረመ፣ ምስሉ ላይ ከእውነቱ ቀዝቅዞ መታየቱ ነው። ከቆርቆሮው ሥር የሚኖረው ቤተሰብ በሙቀት ታፍኖ ሳለ ካርታው ሰፈሩን ደህና ነው ይላል። የሕንፃ ቅርጽ የሚለየው ማሽንም እንዲሁ ግድግዳ ተጋርተው የተሠሩ የቀበሌ ቤቶችን እንደ አንድ ሕንፃ ሊቆጥር ይችላል። ስሕተቱ በብዛት የሚያርፈው በድሃው ሰፈር ላይ መሆኑን የሚያውቀው ግቢው ድረስ ሄዶ የለካ ተማሪ ነው፤ የሚለካውም በስቱዲዮ ሥራው ነው።

ታሪኩንም በቀላሉ አልለቅም። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተነደፈውን ትተን፣ እንግሊዛዊው ፓትሪክ አበርክሮምቢ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ያዘጋጀው ፕላን ከለንደን ልምዱ የቀዳውን የቀለበት መንገድና የሳተላይት ከተማ (በዋናው ከተማ ዙሪያ የሚቆረቆር አነስተኛ ከተማ) ሐሳብ ይዞ መጣ። ብዙው በወረቀት ቀረ። ከውጭ የመጣ የተጠናቀቀ መፍትሔ ከዚህ መሬትና ከዚህ የገቢ መጠን ጋር ሲጋጭ ምን እንደሚፈጠር ያልተማረ ሰው፣ በሌላ አገር መረጃ የሠለጠነ የኮምፒውተር ሞዴል ሲሰጠውም ያው ነው የሚያደርገው።

የድሬኔጅ መሐንዲስ፦ መምህርት፣ በአክብሮት ልቃወምዎት። የእርስዎ ተማሪዎች ግቢ ይለኩ ይሆናል፤ ውሃ ግን አይለኩም። ለአነስተኛ ተፋሰስ የምንጠቀምበት ራሽናል የሚባለው ስሌት ሦስት ነገሮችን ብቻ ያባዛል፤ የመሬቱን የፍሰት ምጣኔ (ከጣለው ዝናብ ወደ መሬት ሳይሰርግ የሚፈሰውን ድርሻ)፣ የዝናቡን ጥንካሬና የቦታውን ስፋት። ለምሳሌ በአንድ ሄክታር ላይ በሰዓት 60 ሚሊሜትር የሚጥል ዝናብ ቢመጣ፣ መሬቱ ሣርና አትክልት በዝቶበት ምጣኔው 0.3 ቢሆን ወደ ቦዩ የሚገባው በሰከንድ 50 ሊትር ነው። ያው ሄክታር በኮንክሪትና በአስፋልት ተሸፍኖ ምጣኔው 0.9 ሲደርስ 150 ሊትር ይሆናል። ታዲያ ይህን ምጣኔ የሚወስነው ማን ነው? እኔ አይደለሁም። የግቢው ስንት እጅ በሕንፃ ይሸፈን፣ መኪና ማቆሚያው በምን ይነጠፍ የሚለውን በፕላን ደንብ የሚጽፈው ፕላነሩ ነው። ቁጥሩን በብዕሩ ሦስት እጥፍ ያደርገዋል፤ ክረምት ሲገባ ተወቃሹ ቦዩን የሠራው ይሆናል።

ሁለተኛው ነገር የዝናቡ ጥንካሬ ነው። በ10 ዓመት አንድ ጊዜ ይመጣል ብለን የምንወስደው ዝናብ ካለፉት ዓመታት መዝገብ የተሰላ ነው። አየር በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ ሊይዝ የሚችለው የውሃ ተን 7 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ ያለፈው መዝገብ ለሚመጣው በቂ ዋስትና አይሆንም። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ አቃቂ ወደ 2,100 ሜትር ይወርዳል። ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ቀጨኔና ቁርጡሜ ያንን ቁልቁለት ይዘው መሀል ከተማውን ያቋርጣሉ። ይህን ማስላት የማይችል ባለሙያ የወንዝ ዳርቻ ወሰን ሲያሰምር ዝም ብሎ በአረንጓዴ እርሳስ መቀባቱ ነው። ልደታ የሚገኘው የሥነ ሕንፃና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት እኮ እ.ኤ.አ. በ1954 በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር ሲመሠረት የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም ነበር፤ ስሌት ለግቢው ባዕድ አይደለም።

የክፍለ ከተማ ባለሙያ፦ ሁላችሁም የምትከራከሩት ተመራቂው የተማረውን የሚሠራበት ቦታ እንዳለው አድርጋችሁ ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 መዋቅራዊ ፕላኑ በአካባቢ ልማት ፕላን እየተዘረዘረ እንዲተገበር ያዛል። በአንድ ወቅት በምሠራበት ቢሮ የአካባቢ ልማት ፕላን ስናዘጋጅ የጎርፍ ስሌቱን በአባሪ አያይዘን አቀረብን። ሰብሳቢው አባሪውን ሳይገልጥ «የንድፉ ማሳያ ቪድዮ የት አለ?» አለን። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስ በኮሪደር ልማቱ የታየው ፍጥነት ደግሞ ሌላ ፈተና ነው፤ የጎርፍ መውረጃና የመሠረተ ልማት መስመሮች አብረው መቀበራቸው መልካም ሆኖ፣ ውሳኔው በሳምንታት በሚያልቅበት ጊዜ ሁለት ሴሚስተር የፈጀ የተፋሰስ ጥናት የተማረ ልጅ ምን ያደርጋል? እኔ የምፈልገው በአንድ ቀን ውስጥ ሻካራም ቢሆን ትክክለኛ ግምት አውጥቶ፣ በአንድ ገጽ ጽፎ፣ አለቃው ፊት የሚከራከር ተመራቂ ነው። ይህን የሚያስተምር ኮርስ በየትኛውም ሥርዓተ ትምህርት ላይ አላየሁም።

የአራዳ ነዋሪ፦ ልጆቼ፣ እኔ ባለሙያ አይደለሁም። ተማሪዎች በየዓመቱ ቅጽ ይዘው ወደ ሰፈራችን ይመጣሉ፤ ቤቱ ስንት ክፍል ነው፣ ወር ገቢህ ስንት ነው ብለው ይጠይቃሉ። ውሃው በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ እስካሁን የጠየቀኝ የለም። ከወንዙ ወዲህ ባለው ግንብ ላይ በየክረምቱ የደረሰበትን በጭቃው መስመር እናውቀዋለን።

ወጣት ፕላነር፦ የአባታችን አስተያየት እኔን ነው የሚደግፈው። ያ የጭቃ መስመር በስልክ ተቀርጾ፣ ከፍታው ተለክቶ ካርታ ላይ ቢሰፍር ከማንኛውም የውጭ ሞዴል የተሻለ ማረጋገጫ ነው። በነፃ የሚገኘው የመሬት ከፍታ መረጃ እያንዳንዱ ነጥቡ 30 ሜትር በ30 ሜትር ነው፤ የቁርጡሜ ቦይ ደግሞ በአንዳንድ ቦታ ጥቂት ሜትር ብቻ ስለሚሰፋ ጨርሶ አይታይበትም። ቴክኖሎጂው የጎደለውን የሚሞላው ነዋሪው ነው፤ ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው ግን መረጃ ማቀናበር መማር አለበት፣ ለዚያ ሰዓት ያስፈልገዋል። አማካሪ ድርጅቶች ሞዴላቸውን ይዘው ሲመጡ «ይህን ከየት አመጣችሁት?» ብሎ የሚጠይቅ የመንግሥት ፕላነር ከሌለ፣ የቀረበው ሁሉ ይጸድቃል።

የፕላን መምህርት፦ እንግዲያው ሰዓት አንቀንስ፣ ስቱዲዮውን እንለውጠው። ተማሪው በየሴሚስተሩ አዲስ ቦታ እየተሰጠው ቆንጆ ሥዕል ከሚሠራ፣ አንድ ገባር ወንዝ ወስዶ ዓመቱን ሙሉ ከምንጩ እስከ መጋጠሚያው ከውሃ ምሕንድስና ተማሪዎች ጋር ይሥራ። የክፍለ ከተማው ባለሙያ ያሉት የአንድ ቀን ግምትም የፈተናው አካል ይሁን፤ ገምጋሚዎቹ መካከል ነዋሪና መሐንዲስ ይቀመጡ። ፕላን ታሪክ ግን አይነካም፤ በዚህ አልደራደርም።

የድሬኔጅ መሐንዲስ፦ በዚህ ከተስማማን የምጠይቀው መረጃውን ነው። ለከተማ ቦይ የሚያስፈልገው የ15 ደቂቃ የዝናብ መዝገብ እንጂ የቀን ድምር አይደለም፤ በኦብዘርቫቶሪና በቦሌ ጣቢያዎች የተመዘገበው ደግሞ እንጦጦ ግርጌ የጣለውን አይነግረንም። ድሮን እናስነሳ ብትሉ ከኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ፈቃድ ማግኘት ግድ ነው። ተማሪው በምን ሊሠራ ነው?

ወጣት ፕላነር፦ በትምህርት ቤቶችና በጤና ጣቢያዎች ጣሪያ ላይ አነስተኛ የዝናብ መለኪያ እንትከል። መለኪያውንም ከስልክ ጋር የሚያገናኘውን ዕቃ ተማሪዎቹ ራሳቸው መገጣጠም ይችላሉ።

የድሬኔጅ መሐንዲስ፦ በዚህ መንገድ የሦስት ክረምት መዝገብ ብንሰበስብ እንኳ በ10 ዓመት አንድ ጊዜ ለሚመጣው ዝናብ ስሌት አይበቃም። አንድ ሞዴል የሚለውና በእርግጥ የጣለው ምን ያህል እንደሚራራቁ ለማየት ግን ይበቃል። መለኪያው ከሰኔ በፊት ካልተተከለ ግን አንድ ዓመት ይባክናል፤ የጣሪያ ፈቃዱን የሚጠይቅ ከአሁኑ ይጀምር።