የእማዬ ቤት በዕቃ ሞልቶ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መጣ፤ ምን ላድርግ?

ሜሪ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ውስጥ ብቻዋን ትኖራለች። ባለፈው ሳምንት ለኢንስፔክሽን የገቡ ሰዎች ፎቶ አንስተው ሄዱ። ትናንት በሯ ላይ ደብዳቤ ተለጥፎ አገኘን። በ30 ቀን ውስጥ ቤቱ ካልተስተካከለ ሊዙን፣ የኪራይ ውሏን ማለት ነው፣ እናቋርጣለን ይላል።

ቤቱ አይሸትም። ግን ሞልቷል። ከበሩ እስከ ሶፋው የሚታለፈው በጎን ነው። የመታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ፌስታል ተጣጥፎ ተደርድሯል። ኦቨኑን የእርጎ ዕቃ ሞልቶታል፣ ክዳኖቹ ለብቻ በላስቲክ ታስረዋል። አልጋዋ ላይ ልብስ ስለተከመረ ሶፋው ጫፍ ላይ ተኮራምታ ነው የምታድረው። ድሮም ዕቃ መጣል አትወድም። አባቴ ካረፈ ወዲህ ግን ባሰባት። እሱ ካረፈ አራት ዓመት ሆነው፣ ጫማዎቹ እስከ ዛሬ በር ስር ናቸው። እሷ ቤት ቡና ከጠጣን ሦስት ዓመት አለፈን። ረከቦቱ የት እንደገባ እንኳ አላውቅም።

ስናገራት "ይሄ እኮ አገር ቤት ቢሄድ ስንቱን ያለብሳል" ትላለች። ወንድሜ ደግሞ ለፋሲካ እሱ ጋ አትላንታ ስትሄድ መኪና ተከራይተን ሙልጭ አድርገን እናውጣው ይላል። በእርግጥ ሊያስወጧት ይችላሉ? ወንድሜ ያለውንስ ላድርግ?

ጋሽ ተፈራ፣ አሌክሳንድሪያ፦
ልጄ፣ አይዞሽ። ብዙ ዓመት የአፓርታማ ጥገና ሠርቻለሁ፣ እንዲህ ያለ ቤት ብዙ ገብቻለሁ። ደብዳቤ መጣ ማለት ተባረረች ማለት አይደለም። እናንተ ባላችሁበት ሜሪላንድ ውስጥ አከራይ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ሰው ማስወጣት አይችልም።

የ1968ቱ የፌደራል የመኖሪያ ቤት ሕግ በ1988 ሲሻሻል አካል ጉዳተኞችንም እንዲጠብቅ ተደርጓል። የአእምሮ ሕመምም በዚህ ውስጥ ይገባል። ዕቃ የማጠራቀም ችግር ደግሞ ከ2013 ጀምሮ በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ራሱን የቻለ ሕመም ሆኖ ተመዝግቧል። ስለዚህ ከሐኪሟ ደብዳቤ አጽፊ። ከዚያ ለማኔጅመንቱ በጽሑፍ ተጨማሪ ጊዜ ጠይቂ። በዚህ ሳምንት ኩሽናውን፣ በሚቀጥለው ኮሪደሩን ብለሽ በቀን ከፋፍለሽ አስገቢ። በቃል እንዳትተማመኚ፣ ቅጂውን ያዢ። የእናንተው ሞንትጎመሪ ካውንቲ የአከራይና ተከራይ ጉዳዮች ቢሮ አለው። በካውንቲው የመረጃ ስልክ 311 ደውለሽ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቂ።

ሕጉ ግን እሳት ሊያስነሳ የሚችል ቤት ውስጥ ዝም ብላ ትኑር አይልም። ኦቨኑ ውስጥ ያለው ዛሬውኑ ይውጣ። ማሞቂያው አጠገብ ያለው ይነሳ። በሩ እስከ መጨረሻው ይከፈት። 1947 ኒውዮርክ፣ ሃርለም ውስጥ ኮልየር የሚባሉ ሁለት ወንድማማቾች ቤታቸው ውስጥ ሞተው ተገኙ። አንደኛው ራሱ የከመረው ዕቃ ተንዶበት ነው። ከቤቱ የወጣው ከ100 ቶን በላይ ነበር። ላስፈራራሽ ብዬ አይደለም፣ መውጫ መንገድ የሚባለው ነገር ቀልድ ስላልሆነ ነው።

ሳምሪ፣ ዴንቨር፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ግን እናቷን "የአእምሮ ሕመምተኛ" ብላ ወረቀት ታጽፍባት? የኔ እናት በእኛ አቆጣጠር የ77ቱን ድርቅ ወሎ ላይ ያየች ናት። ጣሳ ስትጥል አላየሁም። እኛ ሰፈር የቆሻሻ መኪና ሳይሆን ቆራሌው ነበር የሚመጣው። ጠርሙሱም ያረጀ ጫማም ዋጋ ነበረው። እዚህ ደህና ሶፋ መንገድ ላይ ተጥሎ ስታይ የሚያማት እሷን ነው ወይስ ጣዩን?

ሂሩት፣ ዳላስ፦
ነርስ ነኝ። ሳምሪ፣ ያልሽው እውነት ነው፣ ጣሳ ማስቀመጥ በሽታ አይደለም። ልዩነቱ ግን ሜሪ የጻፈችው ውስጥ አለ። አልጋው ለመተኛት፣ ገንዳው ለመታጠብ ካልሆነ ልማድ ከመሆን አልፏል። ዕቃው ሲነሳባት ከራሷ አካል የተቆረጠ ያህል ትጨነቃለች፣ ይህ ስንፍና አይደለም። ብዙ ጊዜ በወጣትነት ይጀምርና ከዕድሜ ጋር እየባሰ ይሄዳል። ሐዘን ደግሞ ያባብሰዋል። ሕክምናው በአብዛኛው ንግግር ነው፣ ከሚያውቅ ባለሙያ ጋር አንድ አንድ ዕቃ እያነሱ መወሰንን መለማመድ። ከአባትሽ ጫማ አትጀምሩ። ከክዳኑ ጀምሩ።

ቢኒያም፣ ሲያትል፦
ሜሪ፣ እባክሽ ወንድምሽ ያለውን አታድርጊው። እኔ አድርጌዋለሁ። አባቴ ለሰርግ ሌላ ስቴት ሄዶ እያለ ከጓደኞቼ ጋር በሁለት ቀን ባዶ አደረግነው። ቀለም ሁሉ ቀባሁለት። ደስ ይለዋል ብዬ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኩት።

ገብቶ ምንም አላለም። ሌሊት ሲነሳ ሰማሁት። ከታች ያለው ትልቁ የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ በእጅ ባትሪ እየፈለገ ነበር። የካሴት ካርቶን ነው የፈለገው። ድሮ ስልክ ውድ በነበረ ጊዜ አገር ቤት ያሉት በካሴት እየቀዱ ሰላምታ ይልኩለት ነበር። የአያቴ ድምፅ እዚያ ላይ ብቻ ነበር። እኔ የድሮ ዘፈን መስሎኝ ነው የጣልኩት። ከዓመት በላይ አላናገረኝም። ቤቱ ደግሞ በስምንት ወር ተመልሶ ሞላ። አሁን ግን እንዳላይበት ዕቃውን ይደብቀኛል።

ዮናስ፣ ሚኒያፖሊስ፦
ከባድ ነው ወንድሜ። እኔ ግን አንድ ነገር ልበል። ግማሹ ችግር ይሄ "አገር ቤት እልከዋለሁ" የሚባለው ነው። የሚሄድ ሰው ሁለት ሻንጣ 23፣ 23 ኪሎ ነው ያለው። ያ ሁሉ ልብስ መቼ ነው የሚሄደው? እኅቴ አዲስ አበባ አለች፣ "ብሩን ላክልኝ፣ ጨርቁን ተወው" ብላኛለች።

ሳምሪ፣ ዴንቨር፦
ያንተ እኅት አዲስ አበባ ነው ያለችው። የኔ ዘመዶች ገጠር ናቸው። የላክሁትን ሹራብ ለብሰው የተነሱትን ፎቶ ግድግዳዬ ላይ ሰቅያለሁ። ብር ስትልክ ማን ምን እንደገዛ ታያለህ?

ሜሪ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የቢኒን ሳነብ አለቀስኩ። ዛሬ ከሥራ ወጥቼ እማዬ ጋ ሄድኩ። የኦቨኑን ብቻ አወጣን። ክዳን የሌላቸውን እሷ ራሷ መርጣ ሰጠችኝ፣ አሥራ አንድ ናቸው። ሌሎቹን አጥባ ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው፣ አልተከራከርኳትም። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብን። ወንድሜ ግን የአትላንታውን ትኬት ቆርጦላታል። ደግሞ ሐኪሟ የሚያውቀው ስኳሯን ብቻ ነው፣ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ይጽፋል? ጋሽ ተፈራ?

ዮናስ፣ ሚኒያፖሊስ፦
ሳምሪ፣ ብር ስትልኪ የሚገዛውን የሚመርጠው ባለቤቱ ነው። ሹራቡን ግን አንቺ ነሽ የመረጥሽለት።

ሳምሪ፣ ዴንቨር፦
ብርድ ላይ ያለ ሰው ማን መረጠልኝ ብሎ አይጠይቅም፣ ዮናስ።